ፊቱ በርበሬ የመሰለው ጠጪ፦ ከኮፐንሃገን እስከ ነገሌ ቦረና

ነገሌ ቦረና ይሁን ሞያሌ፣ በደቡቡ ቆላ ከተሞች ግሮሰሪዎች ውስጥ አንድ የማይጠፋ ሰው አለ። የመጀመሪያዋን ቢራ ከግማሽ ሳያሳልፍ ፊቱ በርበሬ ይመስላል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ይስቁበታል። አንዱ «ይሄን ሰውዬ እኮ ሽታው ብቻ ያሰክረዋል» ይላል። ሌላው «ተዉት፣ ሙቀቱ ነው» ብሎ ይከላከልለታል። ሦስተኛው ግን ዝም ብሎ ይቆይና «ስማ፣ ክኒን ጀምረሃል እንዴ?» ይለዋል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሦስተኛው ሰውዬ ጥያቄ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ከኋላው ወደ ዘጠና ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለ። ታሪኩ ውስጥ የጎማ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የሆድ ትል መድኃኒት የሚፈልጉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች፣ ጃፓኖችና ቻይናውያን፣ እንዲሁም ውሃ ጠምቷቸው ያመፁ የነገሌ ወታደሮች አሉበት።

መጀመሪያ ስለ ቀለሙ። በኛ አገር ቋንቋ «ቀይ» ማለት መልክ ነው፤ ጠይምና ጥቁርም እንደዚያው። ፊቱ ሲቀላ የሚታየው ታዲያ ቀዩ ሰው ነው። ጠይሙና ጥቁሩ ላይ ያው ነገር ይመጣል፣ ግን አይታይም። ጆሮው ይግላል፣ ዓይኑ ደም ይለብሳል፣ ልቡ ይመታል፣ ራሱን ይከፍለዋል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሸዋል። ስለዚህ መስታወት አይቶ «እኔ አልቀላሁም» ብሎ መጽናናት ለብዙዎቻችን የሚሠራ ምርመራ አይደለም።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። አልኮል ጉበት ሲደርስ ሁለት ሠራተኞች ይቀባበሉታል። የመጀመሪያው ኢንዛይም አልኮሉን አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛም ነገር ይለውጠዋል። ሁለተኛው ደግሞ ያንን መርዝ ቶሎ አንስቶ ጉዳት ወደሌለው አሴቴት ይለውጠዋል። ሁለተኛው ሠራተኛ ከሰነፈ ወይም እጁ ከታሰረ መርዙ ይከማቻል። የደም ሥር ይሰፋል፣ ፊት ይቀላል፣ ልብ ይሮጣል። በቃ፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው። የቀረው ታሪክ ሁሉ «የሁለተኛውን ሠራተኛ እጅ ያሰረው ማነው?» የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 ዊልያምስ የተባለ አሜሪካዊ የፋብሪካ ሐኪም አንድ የሚገርም ነገር ጻፈ። ጎማ ለማጠንከር የሚያገለግል ኬሚካል በሚነኩ ሠራተኞች ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ከሥራ ወጥተው አንዲት ቢራ ሲቀምሱ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው ይመታል፣ ይታመማሉ። ሳይወዱ በግድ መጠጥ ተዉ። ሐኪሙም «ይህ ነገር ለመጠጥ ሱሰኞች መድኃኒት ይሆን ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ልብ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ቀጥሎ ኮፐንሃገን። የንስ ሃልድና ኤሪክ ያኮብሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዚያው የጎማ ኬሚካል ዘመድ የሆነውን ዳይሰልፊራምን ይዘው ይሞክሩ ነበር። ለምን መሰላችሁ? ለሆድ ትል! ነገሩ ቀድሞ ለእከክ ይውል ነበርና ሆድ ውስጥ ያለውንም ያባርር እንደሆነ ለማየት ነው። እኛ ጥሬ ሥጋችንን በልተን ኮሶ የምንጠጣ ሕዝብ ነንና ጭንቀታቸው ይገባናል። ሁለቱ ሰዎች ክኒኑን በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ምንም አልሆኑም፤ መጠጥ እስኪቀምሱ ድረስ። ፊታቸው ጋለ፣ ልባቸው ደለቀ፣ አቅለሸለሻቸው። ሁለቱ ተገናኝተው ሲያወሩ ነው «አንተም?» «አንተም?» የተባባሉት። እ.ኤ.አ. በ1948 ላንሴት ላይ አሳተሙት። ክኒኑም «አንታቡስ» ተብሎ የመጠጥ ሱስ መድኃኒት ሆነ፤ አሜሪካም በ1951 ፈቀደችው። ትል ፍለጋ የወጣ ሰው ጠጪ ይዞ ተመለሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጠኑ ከፍተኛ ስለነበር የሞቱም አሉ። ኋላ ነው መጠኑ የተቀነሰው።

ክኒን ሳይውጥ የሚቀላው ሰውስ? ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ያነሳው ፒተር ዎልፍ የተባለ የቦስተን ሐኪም ነው። ጃፓኖችን፣ ኮሪያውያንንና ታይዋናውያንን ከነጮች ጋር አነጻጸረ። የምሥራቅ እስያዎቹ በጥቂት አልኮል ፊታቸው ቶሎ እንደሚቀላ አሳየ። ሕፃናት ላይ ሳይቀር ታይቷል፤ ዛሬ ቢሆን ማን ይፈቅድለት ነበር? ልማድ ወይም ባህል ነው የሚለው ማብራሪያ እዚያ ላይ አከተመ። ከዚያ በኋላ ሃምቡርግ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የብዙ ጃፓናውያን ጉበት ውስጥ ሁለተኛው ሠራተኛ በውርስ ሥራ ፈት መሆኑን አገኙ። ዛሬ ከምሥራቅ እስያ ሕዝብ 36 በመቶ ገደማው እንዲህ እንደሚቀላ ይገመታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። ይህን ጂን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው መጠጥ ጨርሶ አይሆነውም፣ ስለዚህ ይተዋል። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰው ግን «ይለመዳል» ብሎ ይገፋበታል። እውነትም ስሜቱን ይለምደዋል። በምግብ ቧንቧ ካንሰር ይበልጥ የሚጠቃው ታዲያ ይኸው የለመደው ሰው ነው። ምክንያቱም መርዙ አልተለመደም፤ የተለመደው ማስጠንቀቂያው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ከመጠጥ የሚመጣውን አሴታልዴሃይድ እ.ኤ.አ. በ2009 ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል።

እኛ ጋ ይህ ጂን የለም ማለት ይቻላል፤ በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ የኛ ሰው ፊቱ ሲቀላ «ዘሬ ነው» የሚለው ማመካኛ ብዙ አያስኬድም። ሌላ ተጠርጣሪ መፈለግ አለብን። ሙቀቱ አንዱ ነው። ቆላ ውስጥ ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ የቆዳውን ደም ሥር ቀድሞ አስፍቶታል፤ አልኮል ደግሞ በላዩ ላይ ያሰፋዋል። ሮዜሺያ የሚባል የቆዳ ችግር ያለበትም አለ። አረቄም የራሱ ድርሻ አለው። አሴታልዴሃይድ በ20 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ሲሆን አልኮሉ ግን 78 ይጠብቃል፤ ስለዚህ ከማሰሮው ቀድሞ የሚንጠባጠበው ላይ መርዙ ይበዛል። የሦስተኛውን ሰውዬ ጥያቄ ለመመለስ ግን ስለ ክኒን፣ ስለ ክኒን ደግሞ ለማውራት ስለ ውሃ ማውራት ግድ ነው።

የነገሌ ታሪክ ያለ ውሃ አይነገርም። ከተማዋ የጦር ሠፈር ናት። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነስቶ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገፍቶ ይዟት ነበር። ከድል በኋላም ወታደር አልተለያትም። ዙሪያዋን ያለው የቦረናና የጉጂ አርብቶ አደር ኑሮው ከብትና ወተት ነው። ግሮሰሪው ከከተማው ጋር፣ ከወታደሩ፣ ከሾፌሩና ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር የደመቀ ነገር ነው።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈሩት ወታደሮች አመፁ። ያን ቀን የርዕዮተ ዓለም ጥያቄ አልነበራቸውም። ምግባቸው የማይበላ ነበር። የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ነበር። መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። አዛዦቻቸውን አሰሩና ለጃንሆይ አቤት አሉ። ጃንሆይ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉንም ያዟቸው። ከዚያም ከሚበሉት አበሏቸው፣ ከሚጠጡት አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። (በአገራችን ታሪክ ከዚህ የበለጠ አጭርና ግልጽ ሪፖርት ቀርቦ አያውቅም፤ እኔ በበኩሌ እንደዚያ ነው የማስበው።) በየካቲት አመፁ ደብረ ዘይትና አስመራ ደረሰ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የ66ቱን አብዮት ታሪክ ስናነብ ውሃዋን እንደ ምክንያት ቆጥረን ቶሎ እናልፋታለን። ለቆላ ሰው ግን የዕለት ጉዳይ ነበረች፤ ዛሬም ድርቅ በመጣ ቁጥር ናት። ንጹሕ ውሃ በጠፋበት ደግሞ አሜባና ጃርዲያ አይጠፉም። ለሁለቱም የሚታዘዘው ክኒን ያው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ካልሆነም ወንድሙ ቲኒዳዞል። ሜትሮኒዳዞል በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ለአባላዘር በሽታ የተሠራ መድኃኒት ነበር። ለአሜባም እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1966 ከደርባን ደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት አሳየ። ዛሬ እኛ አገር ሆዱ የጮኸ ሁሉ ሐኪም ሳያየው የሚገዛው ክኒን ሆኗል።

«ከዚህ ጋር መጠጥ አትጠጣ» የሚለውን ፋርማሲስት ሁላችንም ሰምተነዋል። ምክሩ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1964 አንዲት አሜሪካዊት ሐኪም ሜትሮኒዳዞል የመጠጥ አምሮትን ይቀንሳል ብላ ጻፈች። የቀሉና ያቅለሸለሻቸው ሰዎች ወሬም ተጨመረ። «እንግዲህ እንደ አንታቡስ ነው የሚሠራው» ተባለ። መድኃኒቱ ግን በሱስ ሕክምናነት ሲፈተን ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ለወንድ በጎ ፈቃደኞች ክኒኑንና አልኮሉን ሰጥተው ደማቸውን ሲለኩ አሴታልዴሃይዱ አልጨመረም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም በ2021 መመሪያው በሁለቱ ክኒኖች ምክንያት ከአልኮል መታቀብ አስፈላጊ አይደለም ብሏል።

ታዲያ ፋርማሲስቱ ዋሸን? አልዋሸም። የመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ ማስጠንቀቂያው አለ፤ ቲኒዳዞል ላይ ካበቃ በኋላም 72 ሰዓት ጠብቁ የሚል ነው። አንዳንድ ሰው እንደሚታመም የሚገልጹ የሐኪም ሪፖርቶችም አሉ። እኔ ክርክሩን ለባለሙያዎቹ ትቼ በቀላሉ ነው የማየው። አሜባ ይዞት ሲመላለስ የዋለ ሰው ውሃው አልቋል፤ ቢራ ደግሞ ያለውንም ያሸናዋል። ለሳምንት ክኒን ለሳምንት ሚሪንዳ ቢጠጣ ምን ይቀርበታል? የማያከራክሩ ክኒኖች ደግሞ አሉ። አንታቡስ ራሱ አለ። ለጭርት የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪንም ከአልኮል ጋር ፊት ያቀላል። አንዳንድ የቆዩ የስኳር መድኃኒቶችም እንደዚሁ። አዲስ ክኒን በጀመራችሁበት ሳምንት ፊታችሁ ከጋለ ብርጭቆውን አስቀምጡና የክኒኑን ስም ይዛችሁ ፋርማሲ ሂዱ።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ብልሃት። በእስያውያን ተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ዘዴ አለ፤ ከመጠጣት በፊት የጨጓራ ክኒን መዋጥ። ሲሜቲዲን፣ ፋሞቲዲን፣ እኛም ቤት መሳቢያ ውስጥ የማይጠፉት። እውነት ነው፣ ቅላቱን ይቀንሱታል። መርዙን ግን አያነሱትም። የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል አስቸገረኝ ብሎ ባትሪውን እንደማውጣት ነው። ፊቱ ስላልቀላ ሁለት ይጨምራል፤ የጨመረው ሁለት ደግሞ ወደ መርዝ ይለወጣል።

ይህን የምለው ከሩቅ ምሥራቅ ለመጣ ወሬ አይደለም። ከነገሌ ገናሌን ተሻግራችሁ ወደ ባሌና አርሲ ብትሄዱ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይበት አካባቢ ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የተዘረጋው የዚህ ካንሰር ቀጠና አንዱ ጫፍ እዚያ ነው። እዚያ ዋናው ተጠርጣሪ አልኮል አይደለም፤ ተመራማሪዎች እየፈተሹ ካሉት ውስጥ በጣም የጋለ ምግብና መጠጥ ይገኝበታል። ሆኖም ቧንቧው አንድ ነው። በጋለ ገንፎና በትኩስ ሻይ የተላጠ ጉሮሮ ላይ አሴታልዴሃይድ መጨመር፣ ከዚያም ምልክቱን በጨጓራ ክኒን መሸፈን ምን የሚሉት ብልጠት ነው?

እንግዲህ ቅላቱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። በልቶ መጠጣት፣ ቀስ ማለት፣ በየመሐሉ ውሃ መጠጣት የሚረዳው የሚገባውን መጠን ስለሚቀንስና ስለሚያዘገይ ብቻ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ ብርጭቆ የሚቀላ ሰው የሚሻለው መተው ነው፤ ጓደኛም «ይለመዳል» ብሎ አይጋብዘው። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከያዘ፣ ራስ ከሳተ ግሮሰሪ ውስጥ ሎሚ ፍለጋ አያስፈልግም፤ ሆስፒታል ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባሏ ወይም ወንድሟ በመጠጥ የተሰቃየባት ሴት አንታቡስን ከቡናው ጋር በድብቅ ብትሰጠው ምን አለበት ብላ ታስብ ይሆናል። ጭንቀቷ ይገባኛል። ክኒኑ ግን የሚሰጠው ለሚያውቅና ለፈቀደ ሰው፣ ሐኪም እያየው ነው። የመጨረሻዋ ክኒን ከተዋጠች በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ ሁለተኛውን ሠራተኛ እንዳሰረች ልትቆይ ትችላለች። ያላወቀው ሰው ደግሞ ያን ሁሉ ቀን አረቄውን ያንቆረቁራል፤ ልቡ ደካማ ከሆነ ላይነሳ ይችላል።