ክሮቶን የተባለው የጌጥ ተክልና የስሙ ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ዳሩ ግን አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ቅጠሉን ለጌጥ የምንተክለው፥ በተለምዶም ክሮቶን የምንለው ተክል ስሙን ያገኘው በሰው ስሕተት ነው። ታሪኩ ትምህርት ስላለበት ባጭሩ እናቀርበዋለን፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተክሉ አገር ከእንዶኔዥያ ደሴቶች እስከ ሰሜን አውስትራልያና እስከ ፓሲፊክ ምዕራባዊ ደሴቶች ይደርሳል። በአምቦን ደሴት ለሆላንድ የንግድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሩምፍዮስ፥ በ1670 ዓይኑ ቢጠፋም ሥራውን ሳያቋርጥ፥ የደሴቲቱን ዕፀዋት ሲጽፍ ይህን ተክል ኮዲኤዩም ብሎ መዘገበው። ቃሉም ከአገሬው ቋንቋ የተወሰደ ነው ይባላል። መጽሐፉ መታተም የጀመረው ግን እርሱ በ1702 ከሞተ በኋላ በ1741 ነው።

በ1753 ስዊድናዊው ሊኔዎስ ተክሉን ክሮቶን ከሚባለው ወገን ቈጠረው። ክሮቶን በግሪክኛ መዥገር ማለት ነው፤ የዚያ ወገን ዘር መዥገር ይመስላልና። በ1824 ፈረንሳዊው አድርያን ደ ዡስዩ የሩምፍዮስን ስም መለሰለት፤ ሕዝቡ ግን የለመደውን አልተወም። ከእውነተኞቹ ክሮቶኖች አንዱ የኛው ብሳና ነው። ስለዚህ ባለ ስሙ በደጃችን ቆሞ ሳለ ስሙን ለእንግዳ ሰጥተን እንኖራለን።

ከ1860ዎቹ ጀምሮ፥ እንደ ቪች ቤት ያሉት የእንግሊዝ ተክል ነጋዴዎች ከደቡብ ባሕር ደሴቶች ብዙ መልክ ያለውን እያስመጡ፥ እያንዳንዱን እንደ ልዩ ዝርያ በላቲን ስም ሸጡ። ነገር ግን ሁሉም የአንድ ዝርያ ልጆች ነበሩ። ከዘር የበቀለው እናቱን አይመስልም፤ አንዱ ቅርንጫፍ በድንገት ሌላ መልክ ያወጣል፤ ያው ተክል እንኳ በጥላና በፀሐይ፥ በለጋነቱና በሸመገለ ጊዜ ቅጠሉ ይለያያል። ከዚህም የተነሣ አንዱ ተክል ብዙ ስም፥ ብዙውም ተክል አንድ ስም ያዘ።

በ1923 አሜሪካዊው ቤይሊ በሰው እጅ ተመርጦ ለቆየ ዓይነት «ኩልቲቫር» የሚለውን ቃል ፈጠረ፤ በ1953 የስም አወጣጡ ዓለም አቀፍ ደንብ ታተመ፤ ከ1959 ወዲህም ለአዲስ ዓይነት የላቲን ስም ማውጣት ቀረ። እንግዲህ ለመለየት የሚሻ ሰው የበሰለውን ቅጠል ከበሰለው ጋር በእኩል ብርሃን ያነጻጽር፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሲሰጥም ስሙን ጽፎ ይስጥ። ያላረጋገጠውን ግን ስም የለሽ ብሎ ይተወው። ያልተሰየመ ነገር መርማሪ ይጠብቃል፤ በሐሰት የተሰየመው ግን፥ ክሮቶን እንደሚመሰክረው፥ ከታረመ በኋላ እንኳ ስሕተቱ አይለቀውም።