ዐፅም ስሙን የሚያገኝበት ዕውቀት

ዕድር የሚቋቋመው ሰው ሲሞት በወጉ እንዲቀበር፣ ቤተ ዘመዱም እንዲጽናና ነው። ታዲያ ሟቹ የት እንደ ወደቀ ሳይታወቅ፣ ወይም ዐፅሙ ተገኝቶ የማን መሆኑ ሳይለይ ሲቀር ቤተሰቡ እርሙን ማውጣት ይቸግረዋል፤ ድንኳን ቢተከልም ልብ አያርፍም። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሻው የሳይንስ ዘርፍ ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ይባላል፤ ይኸውም ለፍርድ ማስረጃ የሚሆን የዐፅም ምርመራ ማለት ነው። አነሳሱንና መሠረቱን ባጭሩ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1849 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ጆርጅ ፓርክማን የተባሉ ሀብታም ሐኪም ድንገት ጠፉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተቆራረጠ አካልና የተቃጠለ አጥንት በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከሟቹ ገንዘብ በተበደረው በፕሮፌሰር ጆን ዌብስተር ቤተ ሙከራ ተገኘ። የአናቶሚ ምሁራን ስብርባሪውን ገጣጥመው የአንድ ሰው መሆኑን፣ ከፓርክማንም ቁመትና ዕድሜ ጋር መስማማቱን መሰከሩ። የጥርስ ሐኪማቸውም የሠራላቸውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ለየ። ዌብስተር በ1850 በስቅላት ተቀጣ።

ለመሆኑ ዐፅም እንዴት ይናገራል? አጥንት በሕይወት ሳለ የሚያድግና የሚታደስ አካል ስለሆነ የሰውየውን ኑሮ ይዞ ይቀራል። የሴት ዳሌ ለወሊድ ሰፋ ያለ በመሆኑ ጾታን ይጠቁማል። በልጅነት ተለያይተው የሚቆዩ የአጥንት ጫፎች በየጊዜያቸው ይገጥማሉ፤ ትከሻን ከደረት የሚያገናኘው አጥንት በደረት በኩል የሚዘጋው 30 ዓመት ገደማ ነው። ተሰብሮ የዳነ እግርም ምልክቱን አይተውም።

ቁመትን ለማወቅ ደግሞ ሚልድረድ ትሮተር የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ሃዋይ ሄደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የአሜሪካ ወታደሮችን ዐፅም ለኩ። ወታደሩ ሲቀጠር ቁመቱ በመዝገብ ሰፍሮ ነበርና የጭን አጥንቱን ርዝመት ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ከጎልዲን ግሌዘር ጋር ሆነው ስሌቱን በ1952 አሳተሙ። ስሌቱ ግምት እንጂ ቁርጥ አይደለም፤ ከሕዝብ ሕዝብም ይለያያል። የዕውቀቱ መሠረት ግን እዚህ ላይ ነው፤ የማይታወቀው ሟች የሚለየው ስማቸውና ልካቸው በሚታወቅ ሟቾች አማካይነት ነው።

በአርጀንቲና ከ1976 እስከ 1983 የገዛው ወታደራዊ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አፍኖ አጠፋ። አገዛዙ ሲወድቅ መቃብሮቹ በቡልዶዘር ጭምር ተቆፈሩ፤ አጥንቱ ተሰባበረ፣ ተደባለቀ፣ ማስረጃም ጠፋ። በ1984 አሜሪካዊው ክላይድ ስኖው መጥተው ወጣት ተማሪዎችን በብሩሽና በማንኪያ ቀስ ብሎ መቆፈርን አስተማሩ። ከዚያ የተወለደው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ነው።

ይህ ቡድን ወደ እኛም አገር መጥቷል። የደርግን ዘመን ወንጀል እንዲመረምር በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በጋበዘው መሠረት ቡድኑ በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጅምላ መቃብሮችን ቆፍሯል። አንገታቸው ላይ ገመድ እንደ ታሰረ የተገኙ ዐፅሞች ነበሩ። ምሁራኑ አጥንቱን ሲለኩ፣ እናትና እኅት ደግሞ የልጃቸውን ጥርስ፣ የለበሰውን ልብስ፣ የተሰበረ ክንዱን ያስታውሳሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ስም ይገኛል።

ዛሬ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ተጨምሯል፤ እሱም ቢሆን የሚነጻጸርበት የዘመድ ናሙና ከሌለ ብቻውን ስም አይሰጥም። እንግዲህ ሰው የጠፋባችሁ አባላት፣ የምታስታውሱትን ሁሉ፣ ቁመቱን፣ የተነቀለ ጥርሱን፣ የድሮ ስብራቱን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰውን በጽሑፍ አስቀምጡ። አዛውንቶቻችን ሲያልፉ ትዝታቸውም አብሮ ይቀበራልና ሳይመሽ ጠይቋቸው። አንድ ቀን አፈሩ ሲገለጥ ያ ወረቀት ሟቹን በስሙ ለመቅበር ይረዳል።