የወል ግጦሽ ያረመው ንድፈ ሐሳብ

ሰው የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ለይቶ ይመርጣል፤ የፖለቲካ ውሳኔም የእነዚህ ግላዊ ምርጫዎች ውጤት ነው። የምክንያታዊ ምርጫ ንድፈ ሐሳብ የተነሣው ከዚህች አጭር ግምት ነው። ግምቷ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ፖለቲካ ሳይንስ ከገባች ወዲህ ደጋፊዎቿ የትምህርቱ ሁሉ መሠረት አድርገው አንግሠዋታል፤ ነቃፊዎቿ ደግሞ ሰውን ትርፍና ኪሳራ ብቻ የሚያሰላ ፍጡር አደረገች ብለው አውግዘዋታል። ታሪኳን በቅደም ተከተል ለሚመረምር ግን ሁለቱም ወገኖች የሳቱት ነገር አለ። ይህ አስተሳሰብ ትልቁን አገልግሎት የሰጠው ትንበያው ሲከሽፍና የከሸፈበትን ምክንያት መሬት ወርዶ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ነው።

የሐሳቡ ሥር ሩቅ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ጥናት እያንዳንዱ መራጭ የጠራ ምርጫ ቢኖረውም የብዙኃኑ ውሳኔ መቋጫ ሊያጣ እንደሚችል አሳየ፤ ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ ደግሞ መልሶ ሀን ሊያሸንፍ ይችላል። ከመቶ ስድሳ ሦስት ዓመታት በኋላ፣ በ1948 በጋ፣ ወጣቱ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው በራንድ የምርምር ተቋም ሳለ አንድ ጥያቄ ቀረበለት፦ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የተሠራው ለግለሰብ ተጫዋቾች ከሆነ፣ አገርን እንደ አንድ ተጫዋች መቁጠር እንዴት ይቻላል? አሮው በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው መልስ የሚያስደነግጥ ነበር። አማራጮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ የሰዎችን ምርጫ ደምሮ የማኅበረሰብ ምርጫ የሚያደርግና ጥቂት ተገቢ መመዘኛዎችን በአንድነት የሚያሟላ ዘዴ የለም። «የሕዝብ ፈቃድ» እንደ አንድ ሰው ፈቃድ መነገሩ ከዚያ ወዲህ በቀድሞ እርግጠኝነቱ አልቀጠለም።

የአሮው ተማሪ አንተኒ ዳውንስ በ1957 ይህንኑ መነጽር በፓርቲዎችና በመራጮች ላይ አሳረፈ፤ የገጠመውም ችግር ዛሬ ድረስ ያከራክራል። የአንድ ሰው ድምፅ ምርጫውን የመወሰን ዕድሉ ኢምንት ነው፤ ወደ ምርጫ ጣቢያ መሄድ ግን ጊዜና ድካም ይጠይቃል። ስሌቱ እውነት ከሆነ ሰው ከቤቱ መውጣት አልነበረበትም፤ ሚሊዮኖች ግን ይወጣሉ። ከ1962 ጀምሮ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲን የዚህ ትምህርት ማዕከል ያደረገው ዊልያም ራይከር፣ ከፒተር ኦርድሹክ ጋር በ1968 ባወጣው ጽሑፍ የዜግነት ግዴታን መወጣት የሚሰጠውን እርካታ በስሌቱ ውስጥ አስገባ። ቀዳዳው ተደፈነ፤ ነገር ግን ንድፈ ሐሳቡ መራጩ ቢወጣም ባይወጣም ልክ ነኝ ማለት የሚችል ሆነ።

የተሻለው ፈተና የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ማንኩር ኦልሰን በ1965 የጋራ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በራሳቸው ይደራጃሉ የሚለውን የቆየ እምነት ተቃወመ። ጥቅሙ ላልደከመበትም የሚደርስ ከሆነ እያንዳንዱ ሌላው እስኪደክም ይጠብቃል፤ ስለዚህ ትልቅ ቡድን ግዳጅ ወይም ለአባላት ብቻ የሚሰጥ ጥቅም ከሌለ አይንቀሳቀስም አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሥነ ሕይወት ሊቁ ጋሬት ሃርዲን ተመሳሳዩን መከራከሪያ ለወል ግጦሽ አዋለው። አንዲት ላም የጨመረ እረኛ ትርፉን ብቻውን ይወስዳል፤ ጉዳቱን ግን ሁሉም ይካፈለዋል። ሁሉም እንደዚያ ሲያስብ መስኩ ይጠፋል። ሃርዲን መድኃኒቱ ወይ የመንግሥት ቁጥጥር ወይ የግል ይዞታ ነው ብሎ ደመደመ።

ይህን ድምዳሜ መሬት ላይ የፈተነችው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቋ ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ የስዊዘርላንዷን ተራራማ መንደር ቶርበልን እናገኛለን። እዚያ በ1517 የተጻፈ ደንብ ማንም በክረምት መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ወል መስኩ እንዳይነዳ ይከለክል ነበር። በቱርኳ አላንያ ዓሣ አጥማጆች የማጥመጃ ቦታን በዕጣ ይደለደሉና በየቀኑ ይፈራረቁበት ነበር፤ ተራውን የሚጥስ ቢኖር ባለተራው ራሱ ያየው ነበር። በዚያው አገር በቦድሩም ግን የዓሣ ሀብቱ በሽሚያ ተጎዳ። ሕዝቡ አንድ፣ ሥራው አንድ ሲሆን ውጤቱን የለየው ደንብ ነው፦ ባለመብቱ ማን እንደሆነ መታወቁ፣ ተጠቃሚዎች በደንቡ አወጣጥ መሳተፋቸው፣ ተቆጣጣሪ መኖሩ፣ ቅጣቱም ከቀላል ወደ ከባድ ደረጃ በደረጃ መሄዱ። ኦስትሮም ሰዎችን መላእክት ማድረግ አላስፈለጋትም። የሃርዲን እረኛ ከጎረቤቱ ጋር የማይነጋገር፣ ደንብ ማውጣትም የማይችል ሰው ነበር፤ እውነተኛ እረኞች ግን ይነጋገራሉ፣ ደንብም ያወጣሉ።

በእኛም አገር የመንዝ ጓሳ የተባለው የወል የሣር መሬት ይህንኑ ይመሰክራል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ በሚነገርለት ሥርዓት ባለመብቶቹ ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁ፣ ሣሩ ሲደርስ ተስማምተው ይከፍቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሲያፈርሰው መሬቱ ለጉዳት ተጋለጠ፤ ያገገመውም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ሲያደራጅ ነው።

ዶናልድ ግሪንና ኢያን ሻፒሮ በ1994 የምክንያታዊ ምርጫ ንድፈ ሐሳብ ነገሩ ከሆነ በኋላ ምክንያት መደርደር እንጂ በማስረጃ መፈተን አይወድም ሲሉ ከሰሱት። ክሱ ለድምፅ አሰጣጡ ስሌት ይገባዋል። የኦልሰንና የሃርዲን ትንበያ ግን ሊሳሳት የሚችል፣ ግልጽ ትንበያ ነበር፤ በብዙ ቦታም ተሳስቶ ተገኝቷል፤ ተፈትኖ ሊወድቅ መቻሉም ዋጋው ነው። ታዲያ ኦስትሮም ንድፈ ሐሳቡን ቀበረችው? እርሷ ራሷ እንዲህ አላለችም። በ1997 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆና ባሰማችው ንግግር የጠየቀችው መተማመንን፣ መልካም ስምንና ውለታ መመለስን የሚያካትት፣ የሰፋ የምክንያታዊነት ትምህርት ነበር። በ2009 በምጣኔ ሀብት ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ሰው ጥቅሙን ያሰላል ማለት ስህተት አልነበረም፤ ስህተቱ ብቻውን ያሰላል ማለቱ ላይ ነው። የወል መሬትን፣ ውኃንና ደንን በሚመለከት ሕግ የሚያረቅቅ ሁሉ አዲሱን አንቀጽ ከመጻፉ በፊት ተጠቃሚዎቹ ቀድመው ያወጡትን ደንብ ሄዶ ይጠይቅ።