የሽማግሌው ዐይን

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ለእንግድነት አይመችም። ቡናው ቀርቦ፣ ቆሎው ተዘግኖ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል ጉሮሮውን ጠርጎ «አንድ ታሪክ አለ» ማለቱ አይቀርም። እኔም ኮንጋ ላይ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ኮንጋ የጌዴኦ ቡና አገር ናት፤ ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም አትርቅም። ወሩ ኅዳር ነበር። ቀኑን ሙሉ እሸት ቡና ሲለቀም፣ ሲፈለፈል፣ አልጋ ላይ ሲሰጣ ይውላል። ያረፍኩት ከቀድሞ ተማሪዬ ቤተሰብ ዘንድ ነው። ማታ መብራት ጠፋ፤ ኩራዝ ተለኮሰ። ወጣቶቹ ከበቡኝና «ጋሼ፣ እስቲ የሚያስፈራ ነገር ያጫውቱን» አሉኝ። መቼም እንዲህ ያለ ግብዣ በየቀኑ አይገኝም!

የኤድጋር አለን ፖን አጭር ልብ ወለድ አወጋኋቸው። በእኔ ትርጉም «አሳባቂው ልብ» ልበለው። እ.ኤ.አ. በጥር 1843 ቦስተን ውስጥ «ፓዮኒር» በተባለ መጽሔት የወጣ ነው። ስሙን የማይነግረን ሰው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይኖራል። ሽማግሌው አልበደለውም፣ አልሰደበውም፤ ገንዘቡንም አይመኝም፤ እንዲያውም ይወደዋል። የሚጠላው ዐይኑን ብቻ ነው፤ ስስ ነገር የጋረደው፣ የጥንብ አንሳ የሚመስል ፈዛዛ ሰማያዊ ዐይን። ሰባት ሌሊት ፋኖስ ሸፍኖ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ መኝታ ቤቱ ይገባል። ዐይኑ ግን ተከድኗል፤ ዐይኑ ካልተገለጠ ደግሞ መግደል አይሆንለትም። በስምንተኛው ሌሊት ሽማግሌው ነቃ፤ የፋኖሱ ጭላንጭል ዐይኑ ላይ አረፈ። ገደለው። አስከሬኑን ቆራርጦ ከጣውላው ወለል ሥር ቀበረው። ፖሊሶች ሲመጡ ወንበሩን እዚያው ላይ አስቀምጦ ሲያጫውታቸው ቆየ። ከዚያ ከወለሉ ሥር የልብ ምት ሰማ፤ ምቱ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። መቋቋም ሲያቅተው ጮኸና ራሱ ተናዘዘ።

ዝም አሉ። በመጨረሻ አንዱ «ጋሼ፣ ሽማግሌው ቡዳ ነበራ!» አለ።

ሳቅኩ። ይህን መልስ አውቀዋለሁ። አስተማሪ ሳለሁ በየዓመቱ አንድ ሁለት የፈተና ወረቀት ላይ አገኘው ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝና «ጥያቄውን አንብብ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ጥያቄዬ ስለ ተራኪው እብደት ነበር፤ ያስተማርኳቸውም ስለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 በሳሌም ከተማ ጆሴፍ ዋይት የተባሉ የ82 ዓመት ባለጸጋ አልጋቸው ላይ ተገደሉ። ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የቆመው ዳንኤል ዌብስተር፣ ነፍሰ ገዳይ ምስጢሩን እስከ መጨረሻ መያዝ እንደማይችል፣ ይልቁንም ምስጢሩ እሱን እንደሚገዛው ተናገረ። ብዙ የፖ ተመራማሪዎች የልቡን ነገር ከዚያ ንግግር እንዳገኘው ያምናሉ። በ1840 ደግሞ ፖ ራሱ ስለ ጄምስ ውድ ፍርድ በጋዜጣ ጽፏል፤ ልጁን ገድሎ በእብደት ምክንያት ነፃ የወጣ የፊላዴልፊያ ሰው ነው። ልብ ወለዱ በወጣበት በዚያው በጥር 1843 ለንደን ውስጥ ዳንኤል ማክናተን የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ ተኩሶ ገደለ፤ ፓርቲው ያሳድደኛል ብሎ ያምን ነበር። እብድ ነው ተብሎ ነፃ ሲወጣ አገር ተንጫጫ፤ ዳኞቹም በሰኔ ያን ታዋቂ መመዘኛ አወጡ፦ ተከሳሹ ያደረገውን፣ ክፉ መሆኑንም ያውቅ ነበር ወይ?

የፖ ተራኪ ያውቃል። ባያውቅ ኖሮ አስከሬን አይደብቅም። «እብድ አይደለሁም፤ ተጠንቅቄ እንዴት እንደሠራሁት ተመልከቱ» እያለ የሚሟገተን እሱው ነው። በለንደኑ መመዘኛ ይሰቀል ነበር ብዬ እገምታለሁ። የእኛ ሕግ፣ የ1949ኙም ሆነ የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 48 አንድ ነገር ይጨምራል፤ ሰውዬው ማወቅ ብቻ ሳይሆን ራሱን መግዛትስ ይችል ነበር ወይ ይላል። ዲላ ላይ ቢከሰስ ጠበቃው የሚለው አያጣም ነበር።

የዚያን ማታ ግን የልጁ መልስ እንቅልፍ ነሳኝ። በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት ትክክለኛውን በር ይሆን እንዴ?

የዚያን ሰው እብደት የምንፈልገው ልቡን በሰማበት ሰዓት ነው። እኔ አሁን ከዚያ በፊት የነበረ ይመስለኛል፤ ዐይኑን ከሰውዬው ነጥሎ ባየበት ቀን። ሽማግሌውን እወደዋለሁ፤ ዐይኑ ግን ይጥፋ አለ። ዐይኑን ለብቻው መግደል እንደማይቻል የገባው አይመስልም። ይህ ነገር ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በዚያው በ1843 ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ምጽዋ ገባ። ሦስት ዓመት ያህል እዚህ ኖሮ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ቡዳ ብዙ ገጽ ጽፏል፤ ጅብ ስለሚሆኑ ቀጥቃጮች፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ስለተገኘበት ጅብ። ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልን፣ ምጣዳችንን የምትሠራልን፣ ቆዳችንን የሚፍቅልን ሰው በቀን ጎረቤት ነው፤ ገበያ ላይ እንከራከረዋለን። ልጅ የታመመ ዕለት ግን ሰውዬው ይጠፋና ዐይኑ ብቻ ይቀራል። «በላው» እንላለን።

ከዚያ ጭሱ ይመጣል። በሽተኛው ይታጠንና «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ይለፈልፋል፤ ስም ይጠራል። የፖ ገዳይ ከራሱ ደረት የመጣውን ድምፅ ሰምቶ የራሱን ወንጀል ተናገረ። በእኛ ጭስ ውስጥ የሚለፈለፈው ግን ምንም ያላደረገ የጎረቤት ስም ነው። ሰሚው ሁሉ ደግሞ ያምናል። ለአንድ ሰው ብቻውን ሲይዘው ሐኪም የምንጠራበት ነገር፣ መንደሩን ሁሉ ሲይዝ ወግ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ የሚመረምረውም የለም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ቀጥቃጩ በሞያው እየተሰደበ ሥራውን ከተወ አገሩ ባዶ እንደሚቀር ገብቷቸው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ፍርሃቱን ግን በምን አዋጅ ይከልክሉት? ከአዋጁ 95 ዓመት ያህል በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ያዘጋጁት መጽሐፍ በደቡብ ኢትዮጵያ ከሸክላ ሠሪና ከቆዳ ፋቂ ጋር አብሮ መብላትና መጋባት ነውር ሆኖ የቆየባቸውን ማኅበረሰቦች አንድ በአንድ ያሳያል።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። በዚያ ማታ፣ ልጁ «ቡዳ ነበራ!» ሲልና እኔ ስስቅ፣ ከጥጉ ድምፅ መጣ። የተማሪዬ አያት ናቸው፤ የሰሙ አልመሰለኝም ነበር። በጌዴኡፋ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ተማሪዬ አጎንብሶ ተረጎመልኝ።

«ሽማግሌውን ሐኪም ዐይኑን አይቶለት ነበር ወይ? ይላሉ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። በኩራዙ ብርሃን ግራ ዐይናቸው ነጭ ነው፤ ስስ ነገር ጋርዶታል። እኔ እኮ «ጥንብ አንሳ» ስል እጄን እያወራጨሁ፣ ድምፄን እያጎረነንኩ ነበር! ትንሿ ልጅ ያኔ ወደ አያቷ ዞር ማለቷም ትዝ አለኝ። የሚገባኝን ያህል ደነገጥኩ።

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያዊ 1.6ቱ ዐይነ ስውር መሆኑን፣ የግማሹ ያህል ምክንያትም የዐይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነገር ነው። የፖ ሽማግሌም ያው ሞራ ይሆናል የያዘው፤ ወይም የቆየ ቁስል ጠባሳ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ተራኪውን አስመረመርኩ እንጂ ሽማግሌውን አንድም ቀን አላስመረመርኩም።

«አላየውም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸውን ዐይን የቡናው ሥራ ሲያልቅ ሊያሳይላቸው እንዳሰበ ተማሪዬ ነገረኝ፤ በዚህ ወቅት ከቤት የሚለይ እጅ የለም። አያት ግን አልጨረሱም ነበር።

«አብሮት የሚኖረው ሰውስ ምኑ ነው? ልጁ ነው? አገልጋዩ ነው?»

ይህን ፖ አልነገረንም። ብዙ ምሁር የተከራከረበት ነገር ነው።

«አይታወቅም፣ እማማ» አልኩ።

«አንድ ቤት እየኖሩ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ረከቦቱ መልሰው ሁለተኛው እንዲቀዳ አዘዙ።