ዜና ኤምለን ተነል፣ የጃያንትስ ደጀን

ዓመቱንና ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ነገሩ የሆነው በእነርሱ አገር ነውና።

በአሜሪካ አገር፣ ከፊላደልፊያ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጋሬት ሂል በምትባል መንደር ኤምለን ተነል የሚባል ጥቁር ልጅ አደገ። እናቱ በሰው ቤት እየሠራች አሳደገችው። በ1942 ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በዚያም የአሜሪካ ፉትቦል ሲጫወት አንገቱ ተሰበረ። በዚያው የትምህርት ዘመን ግን ተነሥቶ ቅርጫት ኳስ ያዘ፤ ቡድኑም በ1943 በኒው ዮርክ ተጋብዘው ለሚገቡበት ታላቅ ውድድር ፍጻሜ ደረሰ።

ዘመኑ የጦርነት ነበረና ሊዘምት ወደደ። ምድር ጦሩም ባሕር ኃይሉም ስለ አንገቱ መለሱት፤ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ጦር ግን ተቀበለው። በዚያ ወራት ጥቁር ሰው መርከብ ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መኮንኖችን የማስተናገድ ሥራ ነበረ፤ ተነልም ይህንኑ ያዘ። ኢታሚን በምትባል የጭነት መርከብ ሳለ፣ በ1944 በኤፕሪል ወር፣ በኒው ጊኒ ጠረፍ በአይታፔ የጃፓን አውሮፕላን መርከቢቱን በቶርፔዶ መታት። እሳት ተነሣ። አንድ ባልንጀራውን ነበልባል ይዞት ሲቃጠል ባየ ጊዜ እሳቱን በእጁ እየመታ አጠፋለት፤ እርሱም እየተቃጠለ ተሸክሞ አወጣው። በ1946 ደግሞ በኒውፋውንድላንድ ከመርከብ የወደቀ ሰው ሊያወጣ በረዶ ሊሆን ወደ ተቃረበ ውሃ ዘሎ ገባ፤ አወጣውም። ስለዚህ ነገር የተሰጠውን ሜዳልያ በኋላ እንናገራለን፤ ብዙ ዘግይቷልና።

ከጦርነት ሲመለስ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። በ1948 የፉትቦል ሊጉ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የወጡትን ሲመርጡ ማንም ሳይመርጠው ቀረ። እርሱም ሙዝ የጫነ መኪና ለምኖ ተሳፍሮ ኒው ዮርክ ገባና ሳይጠሩት ጃያንትስ በሚባለው ቡድን ጽሕፈት ቤት ደጅ ቆመ። የቡድኑ ባለቤት ቲም ማራ ድፍረቱን ወዶለት ይፈተን አለ። ይህ ሊግ ከ1934 እስከ 1945 አንድም ጥቁር ተጫዋች ያላስገባ ነው፤ ለጃያንትስም ተነል የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ።

ሥራውም ሴፍቲ የሚሉት ነው። ይህ ከአሥራ አንዱ ተከላካዮች ሁሉ ኋላ የሚቆም ደጀን ነው፤ ኳሱ እርሱን ካለፈ ወዲያ የሚመልሰው የለም። ዜና ጸሐፊዎች ወደ ፊት የገሠገሠውን ያወድሳሉ እንጂ ከኋላ የሚጠብቀውን ብዙም አይጽፉም፤ ይህም ልማዳቸው ነው፣ የእኛም ጭምር። ተነልን ግን ሳይጽፉት ማለፍ አልተቻለም።

በ1950 ክሊቭላንድ ብራውንስ የሚባል ቡድን ከሌላ ሊግ መጥቶ ገባ። በቀድሞው ሊግ አራቱን ዓመት አራቱንም ዋንጫ የወሰደ ነበረ። አሠልጣኙ ፖል ብራውን፣ ኳስ ወርዋሪውም ኦቶ ግራሃም ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ጨዋታ የሊጉን ሻምፒዮን ፊላደልፊያ ኢግልስን 35 ለ10 ደቆሰው፤ ስሙም በሁሉ ዘንድ ተፈራ። የጃያንትሱ አሠልጣኝ ስቲቭ ኦወን ግን መክሮ አዲስ አሰላለፍ አወጣ። ስድስት ሰው በግንባር አቆመ፣ አንዱን ከመካከል፣ አራቱን ደግሞ ከኋላ እንደ ጃንጥላ ዘረጋቸው። ግራሃም ሊወረውር ሲል ከግንባሮቹ በቀኝና በግራ ዳር ያሉት ሁለቱ ያፈገፍጉና ከኋለኞቹ ጋር ይሆናሉ፤ ወርዋሪውም ባዶ ነው ባለው ስፍራ ሰው ያገኛል። የኋላዎቹ አራቱ ተነል፣ ቶም ላንድሪ፣ ኦቶ ሽኔልባከርና ሃርሞን ሮው ነበሩ። በኦክቶበር 1 ቀን በክሊቭላንድ ሜዳ ተጋጠሙ፤ ግራሃም በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ኳስ እንኳ ለወገኑ ማድረስ አልቻለም። ጃያንትስ 6 ለ0 አሸነፈ። ሦስት ሳምንት ቆይተው ሲገናኙም 17 ለ13 ደገመው። በዲሴምበር ግን ብራውንስ 8 ለ3 ተበቀለ፤ ከዚያም ዋንጫውን ወሰደ፤ እውነቱ መነገር አለበት።

ከተነል ሥራ ሁሉ የሚያስደንቀኝ የ1952ቱ ነው። በዚያ ዓመት የጠለፈውን ኳስና ከጠላት ተለግቶ የመጣውን እየያዘ ሲሮጥ በድምሩ 924 ያርድ ሄደ። በሊጉ ውስጥ ኳስ ይዞ ጥሶ በመሮጥ አንደኛ የሆነው የሎስ አንጀለሱ ዳን ታውለር ግን የሄደው 894 ያርድ ነበረ። ደጀኑ ፊታውራሪውን በለጠው ማለት ነው፤ በየትኛውም ሰልፍ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይሰማም።

ኦወን ከ1953 በኋላ ተሻረ፤ ጂም ሊ ሃወል ተተካ፤ ላንድሪ የመከላከሉን፣ ቪንስ ሎምባርዲ የማጥቃቱን ክፍል ያዙ። በ1956 ሜዳው እንደ ድንጋይ በረዶ ሆኖ ሳለ ጃያንትስ ሸራ ጫማ አጥልቆ ቺካጎ ቤርስን 47 ለ7 ረታና ሻምፒዮን ሆነ።

በ1959 ሎምባርዲ ለግሪን ቤይ ፓከርስ አሠልጣኝ ሆኖ ሲሄድ ተነልን አስከትሎ ወሰደው። ግሪን ቤይ ትንሽ ከተማ ናት፤ በዚያ ወራት የጥቁር ሰው ዘር አልነበረባትም ማለት ይቻላል። ተነልም ለወጣቶቹ ጥቁር ተጫዋቾች እንደ ታላቅ ወንድም ሆነ። ከእነርሱም አንዱ እርሱ ራሱ እንደ ነበረው ሳይመረጥ የመጣው ዊሊ ዉድ ነው፤ ይህም ሴፍቲ ሆኖ ኋላ የፉትቦል ታላላቆች በሚከበሩበት በዝና አዳራሽ ገባ። በ1961 የመጨረሻ ቀን ፓከርስ ለዋንጫ የገጠመው የተነልን የቀድሞ ቤት፣ ጃያንትስን ነው፤ 37 ለ0 አዋረደው። ተነል ሁለተኛ ዋንጫውን በቀድሞ ወገኖቹ ላይ አነሣ፤ በዚያው ጨዋታ አቆመ።

የጠለፈው ኳስ 79 ደርሶ ነበር፤ ከእነዚህ 74ቱ ለጃያንትስ ነው። በዘመኑ ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም፤ በ1979 ፖል ክራውስ እስኪያልፈው ድረስ ጸና። በ1967 በዝና አዳራሽ ሲገባ ከጥቁሮች የመጀመሪያው፣ በመከላከል ብቻ ከተጫወቱትም የመጀመሪያው ሆነ። ለጃያንትስም በረዳት አሠልጣኝነትና ተጫዋች በመመልመል አገለገለ። በ1975 በጁላይ ወር ቡድኑ በሚለማመድበት ሰፈር ሳለ ልቡ ቆሞ ሞተ።

በባሕር ላይ ሁለት ነፍስ ስላዳነበት ሥራ የብር ሜዳልያው የተሰጠው በ2011 ነው፤ ከሞተ 36 ዓመት አልፎ። በ2021 ደግሞ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው በስሙ የተሰየመች መርከብ በፊላደልፊያ ወደብ ሥራ አስጀመረ፤ እርስዋም ለአገልግሎት ወደ ባሕሬን ተላከች።