የመጠጥ ንግድ ፈቃድ ጥሰት ሲጠረጠር የአካባቢ አስተዳደር አካላት ድርሻ

በጋሞ ደጋማ አካባቢ የምትገኘው ገረሴ ከተማ ለረጅም ጊዜ የቦንኬ ወረዳ መቀመጫ ሆና አገልግላለች። በ2011 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የተዋቀረው የጋሞ ዞን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ይገኛል። በዞኑ ከተሞች የፋብሪካ መጠጥ ከሚሸጡ ግሮሰሪዎች ጎን ለጎን ቦርዴ፣ ጠላና አረቄ በየቤቱ ተዘጋጅተው ለገበያ ይቀርባሉ። በመሆኑም በመጠጥ ንግድ ላይ የሚነሣ የፈቃድ ጥሰት ጥርጣሬ የኅብረተሰቡን ጤና፣ የመንግሥትን ገቢና የቤተሰብን መተዳደሪያ በአንድነት የሚነካ ጉዳይ ነው።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ማንም ሰው የጸና ፈቃድ ሳይኖረው ፈቃድ በሚያስፈልገው የንግድ ሥራ ላይ እንዳይሠማራ ይከለክላል። ነጋዴው ፈቃዱን በሚታይ ቦታ የማስቀመጥና ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ የማዋል ግዴታ አለበት፤ ፈቃዱን ለሌላ ሰው ማከራየትም አይችልም።

ጥቆማ ሲደርስ የመጀመሪያው ተግባር ጉዳዩ የማን ሥልጣን እንደሆነ መለየት ነው። የፈቃድ ጉዳይ የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የንጽሕናና የጤና ጉዳይ የጤና ቁጥጥር ባለሙያ፣ የግብር ጉዳይ የገቢዎች፣ ወንጀል ነክ ጉዳይ ደግሞ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ኃላፊነት ነው። ቀበሌ መረጃ በመስጠት ያግዛል እንጂ ፈቃድ አያግድም፤ አይሰርዝም።

ቀጥሎ የሚመጣው መዝገብን ማመሳከር ነው። ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት የሚታደስ በመሆኑ፣ በጥቅምት ወር ፈቃዱን ሳያድስ የተገኘ ነጋዴ ከነጭራሹ ፈቃድ ከሌለው ሰው ጋር ሊመደብ አይገባም። ይህ ልዩነት ሳይጣራ ቤት ማሸግ ሕጋዊውን ነጋዴ ይጎዳል፤ በአስተዳደሩ ላይ ያለውን አመኔታም ይሸረሽራል።

ለቁጥጥር የተሠማራ ባለሙያ መታወቂያውን ማሳየት፣ ያየውን በጽሑፍ ማስፈርና የነጋዴውን ምላሽ አብሮ መመዝገብ ይጠበቅበታል። ዕቃ ሲያዝም ዓይነቱና መጠኑ በዝርዝር ተጽፎ ለባለቤቱ ቅጂ ሊሰጠው ይገባል።

መጠጡ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ሲሸጥ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመኖሪያ ቤትን ክብር ይጠብቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ውሱን ከሆኑ ሁኔታዎች በስተቀር ብርበራ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈጸም፣ ፍርድ ቤቱ በተለይ ካላዘዘም ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲካሄድ ይደነግጋል።

ፈቃድ መያዝ ብቻውን ነጋዴውን ከተጠያቂነት አያድነውም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅሏል ተብሎ የተጠረጠረ አረቄ ሲገኝም ናሙናው በባለሙያ ተወስዶ ሊመረመር ይገባል፤ ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል ለዓይነ ስውርነትና ለሞት ስለሚዳርግ መዘግየት አይፈቀድም።

ጥሰቱ ሲረጋገጥ እንደ ክብደቱ ማስጠንቀቂያ፣ እገዳ ወይም የፈቃድ ስረዛ ይከተላል፤ ያለ ፈቃድ መነገድ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። የውሳኔው ምክንያትና አቤቱታ የሚቀርብበት አካል ለነጋዴው በጽሑፍ ሊገለጽለት ይገባል።

በጋሞ ማኅበረሰብ ዘንድ የሽማግሌዎች መምከሪያ የሆነው ዱቡሻ ሕዝቡን ለማስተማርና ጎረቤታዊ ቅሬታን ለማብረድ ይረዳል። ይሁን እንጂ የሕግ ውሳኔን አይተካም። በየቤቱ መጠጥ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችን ወደ ሕጋዊ ሥርዓት ማስገባትም የቁጥጥሩ አካል ሊሆን ይገባል። ጥርጣሬ የምርመራ መነሻ ነው፤ ለእርምጃ መሠረት የሚሆነው ግን በአግባቡ የተሰበሰበ ማስረጃ ብቻ ነው።