ከለባሽነት ወደ አልባሽነት፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እናቶች ልብስና ገበያ

በለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ በሐር ክር የተጠለፈ አንድ የጥጥ ቀሚስ ተቀምጧል። ቀሚሱ የዓፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው። እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ከያዙ በኋላ ከተወሰደው ብዙ ንብረት አንዱ ነው። እቴጌይቱም ከልጃቸው ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ መንገድ ላይ አርፈዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በእኛው አገር፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነበር። ያን ጉድ ልጃቸውን አዝለው ከመንገድ ዳር ቆመው ያዩ እናቶች መቼም አይጠፉም። የእነርሱ ቀሚስ ግን በየትኛውም ሙዚየም የለም።

የት እንደገባ አውቃለሁ። ተቀዶ የልጅ መጠቅለያ ሆኗል። ከመጠቅለያነት የሽንት ጨርቅ፣ ከዚያ የምጣድ ማሰሻ ሆኖ አልቋል። የተራ እናት ልብስ ታሪክ ያልተጻፈው ልብሱ ራሱ ለልጅ ስላለቀ ነው።

እኔ በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። አያቴ የስማዳ፣ እናቴ የታች ጋይንት ሰው ነበሩ፤ እኔ ተድሬ እስቴ መጣሁ። ሦስታችን እናት ሆነን የለበስነውንና የገዛነውን ሳስተያይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። በአገራችን ሴት እስክትወልድ ድረስ ሌላ ሰው ያለብሳታል፤ ከወለደች በኋላ ሌላውን የምታለብስ እሷ ናት። እናትነት ከለባሽነት ወደ አልባሽነት ያሻግራታል። መሻገሪያው ደግሞ ገበያ ነው።

አያቴ ልጃገረድ ሳለች ጠጉሯ ሳዱላ ነበር፤ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን ብቻ የቀረ። ቀሚሷን አባቷ ያሠራላታል፣ ሲያልቅም እስኪያሠራላት ትጠብቃለች። ስትዳር የሙሽራው ወገን ጥሎሽ ይዞ መጣ፤ ጥልፍ ቀሚስ፣ ኩታ፣ መቀነት። ያን ጊዜ ገና ልጅ ስለነበረች የቀሚሷ ጫፍ ወደ ውስጥ ብዙ ታጥፎ ነው የተሰፋው፤ ቁመቷ ሲጨምር እጥፋቱ እየተፈታ እንዲደርስላት። ልብስ ሰፊ ከሆንሁ በኋላ ይህን ነገሯን ሳስበው ያመኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመትን ነበር የወሰነው። 18 ዓመት የሆነው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። ገና የምታድግ ልጅ ሌላ ልጅ አዝላ የምትሄድበት አገር ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም።

በእርግዝና ጊዜ የሚለወጠው ቀሚሱ ሳይሆን መቀነቱ ነበር። የድሮው ቀሚስ ሰፊ ነው፤ ሆድ ሲገፋ መቀነቱ ላላ ይልና ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ ከላዩም ጋቢ ይደረባል። ጋቢው ለጉና ተራራ ብርድ ብቻ አልነበረም። የሰው ዓይን ይፈራል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷን ገልጣ ገበያ አትውልም። ለሚወለደውም ልጅ ምንም አይገዛም። ሳይወለድ ልብስ ማዘጋጀት ክፉ ምልኪ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ስለዚህ የሕፃኑ የመጀመሪያ ልብስ የእናቱ አሮጌ ነጠላ ነው። ደግሞም ከሱ የሚሻል አልነበረም። ብዙ ጊዜ የታጠበ የእጅ ፈትል ነጠላ ይለሰልሳል፤ ለአራስ ገላ የሚስማማ ጨርቅ ከገበያ ይገኝ ከነበረው ሁሉ እሱ ይበልጣል።

ስትገላገል ሴቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ። ወገቧ በመቀነት ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ራሷ በሻሽ ይጠመጠማል፣ አናቷ ላይ ቅቤ ይደረጋል፣ ገንፎ ይገነፋል። በአራስ ቤት ቆይታዋ ከደጅ አትወጣም። ልጁ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። ያን ዕለት እናት ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ ልጇን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ሕፃኑም አንገቱ ላይ ማተብ ያስራል። አያቴ እንደነገረችኝ ከጥሎሹ ቀሚስ በኋላ አዲስ ልብስ የለበሰችው በመጀመሪያ ልጇ ክርስትና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለራሷ አዲስ እስክትለብስ ልጆቿ ጎረመሱ።

አንቀልባ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ተለፍቶ ይሠራል፣ ዳር ዳሩ በዛጎልና በጨሌ ይንቆጠቆጣል። ያ ዛጎል ከሩቅ ባሕር የመጣ ነው፤ በነጋዴ እጅ ከገበያ ገበያ እየተሻገረ ባሕር አይታ የማታውቅ የደጋ ሴት ጀርባ ላይ ይደርስ ነበር። አያቴ የራሷን አንቀልባ ያሠራችው ከቆዳ ሠራተኛው ጋር ተነጋግራ፣ ዋጋውን በእህል ከፍላ ነው። በሕይወቷ መጀመሪያ የገዛችው ዕቃ እሱ ነበር። ለዚህ ግዢ ማንም አላዘዘላትም፣ ማንም አልመረጠላትም።

አዲስ ሙሽራ ብቻዋን ገበያ አትወርድም ነበር፤ ብትወርድም አማቷን ተከትላ ነው። ልጅ ያዘለች ሴት ግን ለገበያ ምክንያት አላት። ቤት ውስጥም የእሷ የሚባል የሚሸጥ ነገር አለ። በሬውና በጉ፣ የጎተራውም እህል በባል ይታዘዛል፤ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ዶሮው፣ ጌሾውና ፈትሉ የሴት ነው። የታች ጋይንቷ ከተማ አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። እናቴ በየሳምንቱ ቅቤዋን በቅል ይዛ፣ እንቁላሏን በጭድ ጠቅጥቃ፣ ልጇን አዝላ ወደዚያ ትወርዳለች። ስትመለስ ጨው፣ በርበሬ፣ መርፌና ክር ይዛ ትገባለች። የተረፋት ሳንቲም መቀነቷ ጫፍ ላይ ይቋጠራል። ያን ቋጠሮ አባቴ አይነካውም፣ አይጠይቀውምም ነበር። የልጆች ጥብቆ የሚገዛው ከዚያ ነው።

ገንዘቡም የራሱ ታሪክ አለው። የአያቴ እናት ከአፋር በረሃ በሚመጣው አሞሌ ጨው ትገበያይ ነበር። ትልቅ ግዢ ሲሆን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይወጣል፤ ያ ግን በሴት እጅ እምብዛም አይገባም። የሴት ገበያ በአሞሌ ስባሪ፣ በእህል ልውውጥና በፈትል የሚካሄድ ነበር።

ፈትሉ ከሁሉም ይበልጣል። ከቆላ የመጣውን ጥጥ ፍሬውን በመዳመጫ ትለያለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች። ድሩ ቀጭን፣ ማጉ ወፈር ያለ ይሆናል። ልቃቂቱ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል፤ ሸማኔው የድካሙን በእህል ወይም በገንዘብ ያገኛል። ለአንድ ጋቢ አራት ድርብ ይፈለጋል፣ ለኩታና ለነጠላ ግን ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ ሴቲቱ ስትፈትል ቤተሰቧን በልቧ ትቆጥራለች። መጀመሪያ የባል ጋቢ፣ ቀጥሎ የልጆች፣ በመጨረሻ የራሷ። ልጅ በጨመረ ቁጥር የእሷ ተራ ይርቃል። የልጆች እናት ዘወትር አሮጌ ለብሳ የምትታየው ስለራሷ ስለማትጨነቅ አልነበረም፤ ከእንዝርቷ የሚወርደው ክር መጀመሪያ ለሌላው ስለታሰበ ነው።

ልጇን ለቤተ ክህነት ትምህርት የሰጠች እናት ደግሞ ሌላ ሸክም ነበረባት። የጋይንቱ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸውና አገሩ በቆሎ ተማሪ የታወቀ ነው። ልጁ ከቤት የሚወጣው የበግ ለምድ ደበሎ ለብሶ ነው። ደበሎውን የምታሰናዳ፣ ዳቤውን የምትጋግር፣ ከዚያም ልጁ መቼ እንደሚመለስ ሳታውቅ የምትሸኝ እናት ናት።

ይህን በፈትል የቆመ አኗኗር የለወጠው መጀመሪያ አቡጀዲ ነው። ጨርቁ ቀድሞ ከአሜሪካ፣ በኋላም ከጃፓን ይመጣ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የጃፓኑ በርካሽነቱ ገበያውን ይዞት ነበር። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተቋቋመ፤ የፋብሪካ ጨርቅ ወደ እኛ ቀረበ። ቀጥሎም ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰው፣ በቻይናዎች የተሠራው መንገድ በደርግ ዘመን ተጠናቀቀ። ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በመንገዱ ጨርቅ የጫነ መኪና መጣ፤ ጨርቁን ተከትሎም ገበያ ዳር ላይ ስፌት መኪና ተተከለ። ለልጅ ጥብቆ ወራት ሙሉ መፍተል ቀረ፤ እናቴ ጠዋት የለካችውን አቡጀዲ ማታ ተሰፍቶ ይዛ ትገባ ጀመር። ልብስ ሰፊነትን የወደድሁት እሷን ተከትዬ የስፌት መኪናው እግር ሲረገጥ እያየሁ ነው።

አቡጀዲ ከፈትል ይልቅ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎም ያልቃል። ሳሙና ለመግዛት አቅም ያልነበራት እናት እንዶድ ቀጥቅጣ ወንዝ ትወርዳለች። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ለቢልሃርዝያ መከላከያ የሚሆን ግኝት ላይ ደረሱ። ዓለም ያወቀው ያ ምርምር የተነሣው እናቶች ልብስ ሲያጥቡ ከሚውሉበት ወንዝ ዳር ነው።

1977 ዓ.ም. መጣ። ዝናቡ ቀርቶ እህል ሲጠፋ ሴቶች መጀመሪያ ያወጡት ጌጣቸውን ነው፣ ቀጥሎ የጥሎሹን ቀሚስ። አያቴ የራሷን ጥልፍ ቀሚስ በእህል ለወጠችው። ለሴት ልጆቿ ታወርሰዋለች ብላ ያስቀመጠችው ነበር። «ልጄ፣ ቀሚስ ሌላ ይሠራል፤ ልጅ ግን ከየት ይመጣል?» ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ ሰልባጅ በየገበያው ተዘረጋ። ሹራቡ፣ ካፖርቱ፣ የልጅ ጃኬቱ መሬት ላይ ተከምሮ እናቶች ተጎንብሰው ይመርጣሉ። ለደጋ ልጅ የሱፍ ሹራብ በትንሽ ብር መገኘቱ ትልቅ ነገር ነበር። እናት ለራሷም ከነጠላዋ በታች የወንድ ሹራብ መልበስ የጀመረችው ያኔ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ገቡበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከድንጋይ ፈለጣና ከእርከን ሥራ ወጥታ ክፍያዋን ያለ ጉልበት ሥራ እንድታገኝ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። በዚሁ ዘመን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ፎቶ ተለጠፈበት። ፎቶ ለመነሣት ሲሉ ቀሚስ እንድሰፋላቸው የመጡ እናቶች ነበሩ። ሠርግ አልነበረም፣ ክርስትና አልነበረም፤ ለስማቸው ነበር የለበሱት። ከሰፋሁት ሁሉ የሚያኮራኝ እሱ ነው።

አሁን የሚመጡልኝ ወጣት እናቶች የሚያዝዙት ሌላ ነው። ለማጥባት እንዲመች ከደረት ላይ ዚፕ ይፈልጋሉ፤ ወገቡ ላይ ላስቲክ፣ ከውስጥ ደግሞ የስልክና የገንዘብ ኪስ። ኪሱን ስሰፋ የመቀነቱን ቋጠሮ ሥራ እየሠራሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙዎቹ የሚወልዱት ጤና ጣቢያ ነው፤ ስለዚህ ፎጣ፣ የሕፃን ልብስና ሞዴስ የያዘ ቦርሳ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ሳይወለድ አይገዛም የሚለው ነገር በዚህ ተሸንፏል፣ እኔም ደስ ይለኛል፤ በየጎጡ በቃሬዛ ላይ የሞቱ እናቶችን አስታውሳለሁና። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የታተመበት የውጭ ጨርቅ በርካሽ ሲመጣ ፈታይዋም ሸማኔውም ገበያ አጥተዋል። እናት ዛሬ ልጇን ለማልበስ ገንዘብ እንጂ እንዝርት አያስፈልጋትም፤ ገንዘብ ያጣች ቀን ግን የምትመለስበት የእጅ ሥራ የላትም። አያቴ ድሃ ነበረች፤ ጥጥ እስካገኘች ድረስ ልጆቿን ታለብስ ነበር።

የባህል ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ቤተሰቦች የሠርግና የበዓል ልብስ ብቻ መሰብሰባቸውን እንዲተዉ እለምናለሁ። እሱ ያማረ ስለሆነ ራሱን ያስጠብቃል። አንቀልባው፣ ጥብቆው፣ መቀነቱ፣ መዳመጫውና ደጋኑ ግን በየቤቱ እያለቁ ነው፣ አሠራሩን የሚያውቁ እጆችም እየደከሙ ነው። አያት ያላችሁ ልጆች ሦስት ነገር ጠይቋቸው። የመጀመሪያ ልጅሽን ስትወልጂ ምን ለበስሽ? ልጁን በምን ጠቀለልሽው? ያን ለመግዛት ምን ሸጥሽ? መልሳቸውን ከነቀበሌው፣ ከነገበያው ስም ጻፉት። የአገራችን የጥጥ፣ የጨው፣ የመንገድና የረሀብ ታሪክ በዚያ መልስ ውስጥ አለ፣ ያለበሱን ሴቶችም በስማቸው ይገቡበታል።